«ሁለት ሰዓት» ስንት ሰዓት ነው?

ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የስትሮክ ሕሙማንን መዝገብ የሚይዝና ሕሙማኑን የሚከታተል ቋሚ የምርምር የሥራ መደብ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) የያዘውን ሰው ይዞ የመጣ አንድ አስታማሚ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆሞ «ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ደህና ነበር» ይላል። ነርሷ ካርዱ ላይ 2:15 ብላ ትጽፋለች። ካርዱ የደረሰው ሐኪም ሲማርም ሲሠራም የለመደው የፈረንጁን ሰዓት ነውና 2:15ን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሩብ አድርጎ ያነበዋል። ሕመሙ ከጀመረው ገና አንድ ሰዓት የሆነው ሰው ሰባት ሰዓት ያለፈው ሆኖ ይመዘገባል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒትም «ጊዜው አልፏል» ተብሎ ይቀርበታል።

የተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል። ኢንተርኑ (በልምምድ ላይ ያለው ሐኪም) በፈረንጁ አቆጣጠር 8:15 ብሎ ይጽፋል፤ ተረካቢው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ መስሎት ይቀበላል። ሕመምተኛው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከደረሰ በወረቀቱ አርባ አምስት ደቂቃው ነው፤ በእውነቱ ግን ስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ሆኖታል። በዚያ ሰዓት መድኃኒቱ በደም ሥሩ ቢገባ ከመጥቀም ይልቅ ጭንቅላት ውስጥ ደም የማፍሰስ አደጋው ያመዝናል።

ይህን ስሕተት ለማረም ማሽን አይገዛም፣ የውጭ ምንዛሪም አይጠየቅም። የሚያስፈልገው ስሕተቱ በወር ስንት ጊዜ እንደሚፈጠር የሚቆጥር፣ ቅጹን የሚያስተካክል፣ ከተስተካከለ በኋላም መልሶ የሚቆጥር ሰው ነው። ያ ሰው የስትሮክ ተመራማሪ ይባላል። በሆስፒታሎቻችን የሥራ መደብ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ የምንጠይቀውም እሱ ነው።

ሰዓቱ ለምን እንዲህ እንደሚከብድ ከመድኃኒቱ ታሪክ ይታያል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) አልቴፕሌዝ የተባለው መድኃኒት በ1995 በአሜሪካ በ624 ሕሙማን ላይ ሲፈተን፣ ሕመሙ በጀመረ በሦስት ሰዓት ውስጥ የተሰጣቸው ሰዎች በሦስተኛው ወር ጉልህ ጉዳት ሳይኖርባቸው የመገኘት ዕድላቸው ቢያንስ በ30 በመቶ ከፍ አለ። በአንጻሩ ሁኔታን የሚያባብስ የአንጎል ደም መፍሰስ መድኃኒቱን ካላገኙት በ0.6 በመቶ፣ ካገኙት ግን በ6.4 በመቶ ላይ ታየ። በ2008 በአውሮፓ የተሠራው ጥናት ገደቡን እስከ አራት ሰዓት ተኩል አራዘመው። ጥቅሙ በየደቂቃው እየሟሸሸ የሚሄድ፣ አደጋው ግን የማይቀንስ መድኃኒት ነው። ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ ተሰልቷል። እንግዲህ ሰዓቱ ራሱ የመድኃኒቱ አካል ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ስለዚህ ቤተሰብ የሚጠየቀው ጥያቄ «መቼ ጀመረው?» መሆን የለበትም። አስታማሚው ሲወድቅ ያየበትን ሰዓት ይናገራልና። ትክክለኛው ጥያቄ «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ያያችሁት መቼ ነው?» የሚለው ነው። ተኝቶ ሳለ የያዘው ከሆነ የሚቆጠረው ከመኝታው ሰዓት ነው። ሰዓት የማያስታውስ ሰው ደግሞ ድርጊት ያስታውሳል፦ ከቅዳሴ በፊት ነበር ወይስ በኋላ? የንጋቱ አዛን ተሰምቶ ነበር? የማታው የሁለት ሰዓት ዜና ጀምሮ ነበር? ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን የሕመምተኛው ስልክ ነው። መጨረሻ ያነሳው ወይም የደወለው ጥሪ ሰዓቱን በትክክል ይዞ ይገኛል፤ በዚያ ጥሪ ያነጋገረው ሰውም ምላሱ ይኮላተፍ እንደነበር ይመሰክራል። ቅጹ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የተነገረው ሰዓት እንደተነገረ («ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ» ተብሎ በፊደል)፣ የደረሰበት ሰዓት በዚያው አቆጣጠር፣ በመካከላቸው ያለፈው ደቂቃ በቁጥር። ሐኪሙ የሚወስነው በሦስተኛው ነው። ደቂቃ ሐበሻና ፈረንጅ የለውም።

እዚህ ላይ ስለ መንገዱ ጥቂት እንበል። ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ከለገሃርም ሽቅብ እንዲሁ። በመሐል ከተማ ከመንገዱ ይልቅ ሰዓቱን የሚበሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ቤት ነው። ፊቱ ሲጣመም «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፣ እጁ ሲዝል «መጋኛ ነው» ተብሎ እስኪነጋ ይጠበቃል። ጸበልንም ሆነ ጸሎትን የሚከለክል የለም፤ ከሲቲ ስካን በኋላም ይደርሳል። ሕዝቡ ሦስት ነገር ቢይዝ ይበቃዋል፦ ፈገግ ሲል ፊቱ ወደ አንድ ወገን ከሄደ፣ ሁለት እጁን ሲዘረጋ አንዱ ከወረደ፣ አንደበቱ ከተያዘ በዚያው ደቂቃ 907 መደወል ወይም በተገኘው መኪና ማንሳት። አስፕሪን ግን ቤት ውስጥ አይሰጥ። የፈሰሰ ደም ይሁን የተዘጋ ደም ሥር በዓይን አይለይም፤ መዋጡ የታወከ ሰውም ክኒኑን ወደ ሳንባው ሊስበው ይችላል። ምልክቱ በአሥር ደቂቃ ጠፍቶ ቢድንም መምጣት አለበት። በኦክስፎርድ ተሠርቶ በ2007 የወጣ ጥናት እንዲህ መጥቶ የሚሄድ ሕመም ያለባቸውን ወዲያው ማከም በ90 ቀን ውስጥ የሚከተለውን ስትሮክ ከ10.3 በመቶ ወደ 2.1 በመቶ እንዳወረደው አሳይቷል።

ሁለተኛው ሰዓት በላ ከግቢው በር ወዲህ ያለው ነው፦ ካርድ ማውጣት፣ ክፍያ፣ ለሲቲ የሚቆም ሰልፍ፣ ደረሰኝ ይዞ መመላለስ። ስትሮክ የተጠረጠረ ሰው ካርዱ በኋላ ይውጣለት፤ አልጋው በቀጥታ ወደ ሲቲ ይሂድ። ከዚያ በፊት የግድ የሚሠራው የጣት ደም ስኳር ብቻ ነው። ስኳሩ ከ50 በታች የወረደ ሰው ስትሮክ የያዘው ሊመስል ይችላልና፤ ግሉኮስ ሲሰጠው አፉ ይፈታል። የደም ሥር መርፌም በመንገዱ ላይ ይገባል። የቀረው የላቦራቶሪ ወረቀት፣ ደም ማቅጠኛ ለማይወስድና የደም መፍሰስ ችግር ለሌለበት ሰው፣ መድኃኒቱን ማስጠበቅ የለበትም።

መድኃኒቱ ሲገኝ የሚፈጠሩት ስሕተቶች በአብዛኛው የሒሳብ ናቸው። አልቴፕሌዝ በኪሎ 0.9 ሚሊግራም ነው፤ ከ90 ሚሊግራም አያልፍም። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 63 ሚሊግራም ይሆናል፦ አንድ አሥረኛው፣ 6.3፣ በአንድ ደቂቃ፤ ቀሪው 56.7 በአንድ ሰዓት። ባለ 50 ሚሊግራም ብልቃጥ ከሆነ ሁለት ይከፈታል ማለት ነው። ቆሞ መመዘን የማይችለውን ሰው በዓይን ገምቶ መስጠት የተለመደ ቢሆንም አስታማሚውን መጠየቅ ከመገመት ይሻላል። የአልጋ ሚዛን ካለ ደግሞ ክርክር የለም። አዲሱ ቴኔክቴፕሌዝ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ በመሆኑ ፓምፕ ለሌለው ድንገተኛ ክፍል የተመቸ ነው፦ በኪሎ 0.25 ሚሊግራም፣ እስከ 25። በካናዳ ተሠርቶ በ2022 የታተመው ትልቅ ጥናት ከአልቴፕሌዝ እንደማያንስ አረጋግጧል። አደጋው ይህ ነው፦ ያው መድኃኒት ለልብ ድካም ሳይሆን ለልብ ደም ሥር መዘጋት ሲታዘዝ መጠኑ እጥፍ ይደርሳል፣ እስከ 50 ሚሊግራም። ሣጥኑ ላይ የታተመውን የልብ ሰንጠረዥ አይቶ ለስትሮክ የሚቀዳ ሰው እጥፍ ይሰጣል። የኖርዌይ ተመራማሪዎች በኪሎ 0.4 የሞከሩት ጥናት እንኳ ደም መፍሰስ ስለበዛበት ተቋርጧል። «ይኸው ስትሬፕቶካይኔዝ (የቆየው የረጋ ደም ማሟሟያ) አለን» የሚለውም አማራጭ አይሆንም፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለስትሮክ ሲሞከር ደም እያፈሰሰ ጥናቶቹ እንዲቆሙ ያደረገ መድኃኒት ነው።

ግፊትን በተመለከተ አጭር ነው። የሚያሟሟው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ከ185/110 በታች፣ ከተሰጠ በኋላ ለ24 ሰዓት ከ180/105 በታች። መድኃኒቱን ላላገኘ፣ ደም ሥሩ ለተዘጋ ሰው እስከ 220/120 ድረስ ባይነካ ይመረጣል። ከምላስ ሥር ኒፌዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት ጠብ አድርጎ ግፊቱን በደቂቃ መጣል፣ በሥጋት ላይ ያለውን የአንጎል ክፍል ደም መንሣት ነው። ደም ለፈሰሰበት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ የላይኛውን ቁጥር በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 140 ማውረድ፣ ከስኳርና ከትኩሳት ቁጥጥር ጋር ተዳምሮ፣ በአሥር አገሮች በ7,036 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ እንደሚጠቅም በ2023 ታውቋል። ከአሥሩ አገሮች ዘጠኙ እንደኛ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ነበሩ።

አልጋ ላይ የሚሆነው ነገር ከመድኃኒቱ ያልተናነሰ ሰው ይገድላል፣ ያድናልም። በአውስትራሊያ በ19 የስትሮክ ክፍሎች ነርሶች ሦስት ነገር ብቻ በሥርዓት እንዲሠሩ ተደረገ፦ ትኩሳት በየአራት ሰዓቱ ለ72 ሰዓት መለካትና 37.5 ሲደርስ ፓራሲታሞል መስጠት፣ ስኳር መከታተል፣ ከመመገቡ በፊት መዋጥ መቻሉን መፈተን። በ2011 ሲታተም፣ በ90 ቀን የሞቱ ወይም የሰው እጅ ጠባቂ የሆኑት ከ58 በመቶ ወደ 42 በመቶ ወርደው ተገኙ። በእኛ ቤት የሦስተኛው ክብደት ይበልጣል። አስታማሚ የሚወደውን ሰው ሳያጎርስ አያድርም። ቀጥ ብሎ ሳይቀመጥ የሚሰጥ ቀጭን አጥሚት፣ ሾርባ፣ ወይም የጸበል ጠብታ በቀጥታ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን የሳንባ ምች ተብሎ የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ ሦስት ጊዜ፣ ካላሳለው አንድ ሙሉ የቡና ሲኒ ውኃ። ካሳለው ወይም ድምፁ እንደ ረጠበ ከሆነ «በአፍ ምንም አይሰጥ» የሚል ወረቀት ራስጌው ላይ፣ በአማርኛ፣ በትልቁ። በእንግሊዝኛ አሕጽሮት የተጻፈውን አስታማሚው አያነበውም፤ የሚያጎርሰው ግን እሱ ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ። የስትሮክ ተመራማሪ ሥራው ምንድን ነው? ካናዳዊው ሄንሪ ባርኔት ጥሩ ምሳሌ ነው። የመራው ጥናት በ1978 አስፕሪን ስትሮክን እንደሚከላከል አሳየ። በ1985 ደግሞ የጭንቅላትን የውጭ ደም ሥር ከውስጡ ጋር የሚያገናኘው፣ ቀዶ ሐኪሞች ለዓመታት ሲሠሩት የነበረው ኦፕራሲዮን በ1,377 ሕሙማን ላይ ተመዝኖ ምንም እንደማይጠቅም አረጋገጠ። ብዙ ሰው ተቆጣ። በ1991 በተቃራኒው፣ አንገት ላይ ያለው ደም ሥር ከ70 በመቶ በላይ ለጠበበባቸው ሕሙማን ጠባቡን መጥረግ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚመጣውን ስትሮክ ከ26 በመቶ ወደ 9 እንደሚያወርድ አሳየ። አንዱን አጸደቀ፣ አንዱን ሻረ፣ ሌላውን ለማን እንደሚሠራ ለየ። ይህ አሥራ ሦስት ዓመት የወሰደ ሥራ ነው። የእኛ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) ለመመረቂያው ስድስት ወር ይሰጠዋል፤ የአምና ካርድ ይገለብጣል፤ ግማሹ ካርድ ላይ «ሲቪኤ» ከሚል የስትሮክ የእንግሊዝኛ አሕጽሮት በቀር የሚለካ ነገር አያገኝም፤ ይመረቃል፤ መረጃው በፍላሽ ተቀብሮ ይቀራል። የሚቀጥለው ዓመት ሬዚደንት ከዜሮ ይጀምራል።

ትልቅ ጥናት ትልቅ ወጪ ነው የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። በ1997 የታተመው የአስፕሪን ዓለም አቀፍ ጥናት በ36 አገሮች፣ በ467 ሆስፒታሎች 19,435 ሕሙማንን ያሳተፈው በጥቂት ጥያቄና በስልክ ምዝገባ ነው። በዚያው ዓመት ከቻይና ከወጣው ተመሳሳይ ጥናት ጋር ተደምሮ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ የተጀመረ አስፕሪን ከ1,000 ሕሙማን በ9 ያህሉ ላይ ሞትን ወይም ዳግም ስትሮክን እንደሚያስቀር ታወቀ። ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ መድኃኒቱ ግን የትም አለ፣ ሕመምተኛውም ብዙ ነው።

እዚህ አገር ሲሠራ የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ለዚህም አገሩን የሚያውቅ ቋሚ ሰው ያስፈልጋል። የ90 ቀን ክትትልን እንውሰድ። በእኛ አቆጣጠር ሦስት ወር ድፍን 90 ቀን ስለሆነ ለጥናት የተመቸ ነው፤ ጳጉሜ እስካልገባች ድረስ። ሐምሌ 15 የታመመን ሰው ጥቅምት 15 የሚደውልለት ጥናት 95 ቀን (በሠግር ዓመት 96) ላይ ነው የለካው። ትክክለኛው ቀን ጥቅምት 10 ወይም 9 ነው። ስልክ ሲመዘገብ ደግሞ ሦስት ቁጥር፦ የራሱ፣ የአስታማሚው፣ የጎረቤት ወይም የእድር ዳኛ። ከሦስት ወር በኋላ ስልኩን የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ነው።

መለኪያዎቹም እንዳሉ አይገቡም። የጉዳት መጠን ከ0 እስከ 42 የሚለካው ዓለም አቀፍ ቅጽ ሕመምተኛው የሚያነብባቸውና የሚደግማቸው ቃላት አሉት፤ የተመረጡት ለእንግሊዝኛ አፍ ነው። በቀጥታ የተረጎማቸው ሰው ከንፈርን፣ ምላስንና ጉሮሮን ለይተው የሚፈትኑትን ድምፆች ያጣል። ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ በንግግር ጉዳት ይመዘገባል። ዕድሜውን መርካቶ ያሳለፈ፣ አማርኛው ከጉራጊኛው ቀጥሎ የመጣ ሽማግሌ በአማርኛ ብቻ ከተፈተነ «አንደበቱ ተጎድቷል» ሊባል ይችላል፤ ልጁ በቤት ቋንቋ ስታናግረው አቀላጥፎ ይመልሳል። ይኸው ቅጽ ከኋላ አንጎል የሚነሳውን ስትሮክ አሳንሶ ያያል፦ የሚያዞረው፣ ቆሞ መራመድ ያቃተው ሰው ተኝቶ ሲመረመር ነጥቡ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ከመሰናበቱ በፊት አቁሞ ማስኬድ ይህን ያጋልጣል።

ከ0 እስከ 6 ያለው የማገገም መለኪያ ደግሞ ሁለትን ከሦስት በሚለየው መስመር ላይ ይቆማል፦ ሰውየው የራሱን ጉዳይ ያለ ሰው እርዳታ ይፈጽማል ወይስ አይፈጽምም? አባት ሲታመም ልጆቹ ውኃ የሚያቀርቡለት አቅም ስላጣ ሳይሆን አባት ስለሆነ ነው። «ምግብ ያበስላሉ?» የሚል ጥያቄ ለብዙ ወንድ ከስትሮኩ በፊትም መልሱ አንድ ነው። ስለዚህ «ያደርጋሉ?» ሳይሆን «ለብቻዎ ቤት ቢቀሩ ይችላሉ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ታክሲ ተሳፍሮ መውረድ፣ ሱቅ ሄዶ መልስ ቆጥሮ መመለስ፣ ከቤት ውጭ ያለ ሽንት ቤት ደርሶ መምጣት ይጠየቅ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ሜዳ ላይ በሚገባ እየተራመደ ዓመት ሙሉ ከቤት ላይወጣ ይችላል፤ ይህም ለብቻው ይመዝገብ።

የቁጥር ጉዳይ ቀርቷል። በሆስፒታል ካርድ ብቻ የከተማውን ስትሮክ ማወቅ አይቻልም፤ ቀላል የያዘው አልመጣም፣ ከባድ የያዘው መንገድ ላይ ወይም ቤቱ ሞቷል። አካፋይ የሌለው ክፍልፋይ ነው። መጀመር የሚቻለው ከጥቂት ወረዳዎች፣ ለምሳሌ ከአራዳ፣ ከልደታና ከቂርቆስ ክፍለ ከተሞች ተመርጦ፣ ቤት የሞተውንም ጨምሮ በመመዝገብ ነው። መንገዱ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2001 ጀምሮ በከተማዋ የመቃብር ሥፍራዎች የቀብር ምዝገባ አካሂዷል፤ ቤተሰብን ጠይቆ የሞትን ምክንያት የመለየት ልምድም ተገኝቶበታል። እድሮችም ማን መቼ እንደሞተ ከማንም በፊት ይሰማሉ።

የረጋውን ደም በሽቦ ጎትቶ የሚያወጣው ሕክምና በ2015 በአምስት ጥናቶች ተረጋግጧል፤ ከሦስት ሰው ባነሰ ላይ ተሠርቶ አንድ ሰው የጉዳት ደረጃው የሚሻሻልበት፣ ከዘመኑ ሕክምናዎች ሁሉ ኃይለኛው ነው። እንመኘዋለን። ነገር ግን ሌሊትም በዓልም የሚነሳ ቡድን፣ ሰዓቱ በትክክል የተጻፈ ካርድ፣ መዋጥ የሚፈትን ነርስ በሌሉበት ማሽኑ ቀድሞ ቢተከል ሕመምተኛው የሚደርስለት ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ አደራ እንላለን።

የምንጠይቀው መደብ ዝርዝሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ሲቲ ስካን ባለው የከተማው የመንግሥት ሆስፒታል አንድ የነርቭ ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ከሳምንቱ የሥራ ቀናት ሁለቱ ለመዝገቡና ለጥናት የተጠበቁለት፣ በተረኛ እጥረት የማይነጠቅ። ከእርሱ ጋር ሁለት የጥናት ነርሶች፣ አንዷ ለድንገተኛ ክፍሉ፣ ሌላዋ ለ90 ቀኑ ስልክ። ደመወዛቸው ከመደበኛ በጀት ይሁን፤ በፕሮጀክት አበል የተቀጠረ መዝጋቢ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መዝገቡን ዘግቶ ይሄዳል። ቢያንስ አምስት ዓመት ይሰጣቸው። የሬዚደንቶች መመረቂያ ጥናት ከዚህ መዝገብ እንዲቀዳና ወደዚሁ እንዲመለስ ይደረግ።

የአንድ ገጽ መመዝገቢያ ቅጽ፣ በደቂቃ የሚያሰላውን የሰዓት ሣጥንና የክብደት ሰንጠረዡን ጨምሮ፣ አዘጋጅተናል። ቢሮው ቀን ከቆረጠልን ይዘነው እንቀርባለን፤ የቀጠሮው ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ደብዳቤው ላይ እንዲጠቀስልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

በስትሮክ ሕክምናና ምርምር ላይ የተሠማራን ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ፊዚዮቴራፒስቶችና የጥናት አስተባባሪዎች
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት
ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ